ከዋቤ ማዶ የቀሩት

ከወልቂጤ ተነስቶ ወደ ቸሃ የሚወርድ ሰው ዋቤ ወንዝ ከመድረሱ በፊት በስተግራው አንዲት ጉብታ ያገኛል። ዛሬ ባሕር ዛፍ ተተክሎባት መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ልብ ሳይላት ያልፋል። እኛ ግን አንድ ሙሉ ክረምት ኖረንባታል። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ሁልጊዜ በጉም ተሸፍና ነው። ወንዙ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከታች ይሰማል። ድንኳኖቹ ርሰው ጎብጠዋል። አንድ ሰው ያስላል። ማን እንደሆነ ለማየት ቀና እላለሁ፤ ጉሙ ይዘጋብኛል።

የልጅ ልጆቼ «አባባ፣ የትኛው ግንባር ነው የዘመትከው?» እያሉ ይጠይቁኛል። በምሥራቁ ጠረፍ ነበርኩ። ጥይት በጆሮዬ ሥር ሲያፏጭ ሰምቻለሁ። ግንባር ሲባል ግን ልቤ የሚሄደው ወደ ዋቤ ነው። እዚያ ማንም አልተኮሰብንም። የምነግራችሁን ግማሹን ያየሁት በወባ ትኩሳት ውስጥ ሆኜ ስለሆነ አንዳንዱ ሕልም ቢመስላችሁ አትፍረዱብኝ። እኔንም ሕልም ይመስለኛል። የሞቱት ግን በእውነት ሞተዋል።

ሽኩር እባላለሁ፤ የቡታጅራ ልጅ፣ መስቃን ነኝ። አባቴ የማረቆ በርበሬ በአህያ እየጫነ አዲስ አበባ የሚያወጣ ነጋዴ ነበር። ክረምት ከቀደመው ግማሹ በርበሬ መንገድ ላይ ይሻግትበታል። እንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው መንገድ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ወታደር ስሆንም ዕጣዬ የመሐንዲስ ጦር ሆነ።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ከጠረፍ ተመልሰን አዲስ አበባ ዳር ሰፍረን ሳለ፣ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትእዛዝ ደረሰን። ሠላሳ አራት ሰዎች ነን። አዛዣችን መቶ አለቃ ዘውዴ ገና ጢሙ ያልጠነከረ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ መኮንን ነበር። ወረቀቱን አነበበልን። ዋቤ ላይ ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ እንዘረጋለን፤ ለመስቀል ሰው ይሻገርበታል። ሌላ ቃል አልነበረውም።

ሃምሳ አለቃ በየነ እጁን አወጣ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጠጠር እያኘከ ያደገ የሚመስል የመንዝ ሰው ነው።

«ጌታዬ፣ ብረቱ የት ነው ያለው?»

«መርከብ ላይ።»

«መርከቡስ?»

መቶ አለቃው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ባሕር ላይ» አለ።

ያን ቀን ሳቅን።

የመስቀሉ ነገር ለምን እንደተጻፈ ለጓዶቼ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ጉራጌ የትም ይነግድ የት ለመስቀል አገሩ ይገባል። ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከናዝሬት ይመጣል። መኪናው ወልቂጤ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ እግሩ ነው፤ ከእግሩ ፊት ደግሞ ዋቤ አለ። ወንዙ በመስከረም ገና ከክረምት ቁጣው አልበረደም። በየዓመቱ ለእናቱ ሻሽ፣ ለአባቱ ጋቢ የያዘ ሰው ይወስዳል። ባለፈው ዓመት ከወሰዳቸው አንዱ የአቶ ዘርጋ ልጅ ነበር።

አቶ ዘርጋ ከወንዙ ማዶ የሚኖር የቸሃ ሽማግሌ ነው። ጉብታዋ ላይ በሰፈርን በማግስቱ፣ ውሃው ገና ከጉልበት በታች ሳለ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ተሻግሮ መጣ። ከኋላው በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ የተሸከሙ ሰዎች ነበሩ።

በአገሬ ቋንቋ ሰላም አልኩት። ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ። የመስቃን ጉራጊኛዬ ለቸሃ ጆሮ እንግዳ ነው። እሱ አልሳቀም።

«የሰማሁት እውነት ነው?» አለኝ በአማርኛ። «ብረት ልትዘረጉ ነው?»

«እውነት ነው፣ አባቴ።»

«ለመስቀል?»

«ለመስቀል።»

ወደ ወንዙ ዞረ። ከዚያ «ድንጋይ ስንት ይበቃል?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ልጁ አንድም ቃል አልተናገረም። የነገሩን ሌሎቹ ናቸው።

ብረቱ የሚቀመጥበት የድንጋይ ግንብ በሁለቱም ዳር መሠራት ነበረበት። በዚህ ዳር እኛ፣ በዚያ ዳር ሃምሳ አለቃ በየነ ከአራት ወታደሮች ጋር ተመደበ። አራቱ ገዛኸኝ፣ ማሞ፣ አብዱና ለማ ይባላሉ። ድንጋዩን የሚያመጣው የአገሩ ሰው ነው። የእነዚያ ሰዎች ሥራ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በየመንደራቸው መሐል ሰፊ፣ ሣሩ የተላጨ የሚመስል፣ ከብትም ለቅሶም ፈረስ ግልቢያም የሚያስተናግድ መንገድ አላቸው፤ ጀፎረ ይሉታል። ማንም በአጥሩ አንድ ክንድ ገፍቶ አይገባበትም። መንገድን የሚያከብር ሕዝብ ነው። ከጀፎረው ጫፍ ሲወጣ ግን የሚጠብቀው ገደልና ጭቃ ነበር። በሽተኛ ሲኖር በቃሬዛ አድርገው አንድ ቀን ተኩል ይሄዳሉ። በሽተኛው ከደረሰ፣ ደረሰ።

ብረቱ በግንቦት ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። በሰኔ ወደቡ ደረሰ ተባለ። ከወደቡ በባቡር ተጭኖ አዲስ አበባ መድረሱን የሰማነው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ከወልቂጤ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ስለሆነ መኪኖቹ ዝናቡ እስኪሳሳ እዚያው ይቆማሉ ተባለ። ያን ጊዜ ዋቤ ሞልቷል።

በየነና አራቱ ሰዎቹ ማዶ የቀሩት እንዲህ ነው። ግንቡ ሊያልቅ የሦስት ቀን ሥራ ቀርቶት ነበር። ደመናው ከብዷል። በየነ ተሻግሮ መጥቶ መቶ አለቃውን «ጌታዬ፣ እንመለስ ወይስ እንጨርስ?» ብሎ ጠየቀው። መቶ አለቃ ዘውዴ ሰማዩን አየ፤ ሰዓቱን አየ።

«ጨርሱ» አለ። «ሦስት ቀን ብቻ።»

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከላይ፣ ከደጋው፣ እንደ ከባድ መኪና የሚጮህ ነገር መጣ። ቀና ስንል ውሃው ቀይ ሆኖ ቆሟል። ቆሟል ያልኩት እንደ ግንብ ሆኖ ስለመጣ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ ማንም አልተሻገረም። ከሁለት ቀን መንገድ በላይ ያለው ሌላው መሻገሪያም ተዘግቶ ነበር።

አምስቱ ማዶ ቀሩ። የአገሩ ሰው አስጠጋቸው፣ አበላቸው። በረሃብ አልተጎዱም። በየነ የቀረውን ግንብ አስጨረሰ፤ ሥርዓቱንም አልጣለም። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጓዱን አሰልፎ ወንዙ ዳር ያቆማል። እኛም በዚህ ዳር እንሰለፋለን። መሐላችን ሃምሳ ሜትር የሚሆን ቀይ ውሃ ይሮጣል። ጉሙ ሲገለጥ አምስት ሰዎች ቆመው እናያለን። በየነ እጁን ወደ ኮፍያው ያነሳል፤ መቶ አለቃው ይመልስለታል። ከዚያ ጉሙ ይዘጋል። ከመላው ክረምት እንደዚያ ሰዓት የምንወደው ሰዓት አልነበረም።

በሐምሌ መጨረሻ ወባ ገባብን። በዚህ ዳር መጀመሪያ የወደቀው ወጥ ቤታችን ምክትል አሥር አለቃ ታፈሰ ነው። በአራት ቀን ሞተ። ከዚያ ሰባት ሰው ተኛ፤ ከዚያ አሥራ አንድ። የወባ ክኒናችን ማለቅ ጀመረ። መቶ አለቃው ወደ ወልቂጤ ላከኝ። በጭቃ እየተንቦራጨቅሁ ሄድኩ። ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘሁት ድሬሰር ባዶውን ሣጥን ከፍቶ አሳየኝ።

«እኛም እየጠበቅን ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። «ተጭኗል ብለውናል።»

«የት ደረሰ?»

«ተጭኗል ነው ያሉን።»

ባዶ እጄን ተመለስኩ። መቶ አለቃው የቀሩትን ክኒኖች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ሃያ አራት ነበሩ። አሥራ ሁለቱን በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ፣ በሰም አሽጎ፣ ወንጭፍ የሚችለውን ወታደር ተካን ጠራው።

ስለ ተካ ልንገራችሁ። የቆሼ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ረጅም። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ያደገ ዋናተኛ ነበር። ከቡታጅራ ቆሼ ቅርብ ስለሆነ «የአገሬ ልጅ» እያለ ይጠራኝ ነበር። ሲዘፍን ድምፁ አያምርም፤ ያንን ስለሚያውቅ አብዝቶ ይዘፍናል። የበየነ ሰዎች ከቀሩ ጀምሮ በየሳምንቱ መቶ አለቃው ፊት ይቆማል።

«ጌታዬ፣ ልሻገር።»

«አይሆንም።»

«እችላለሁ፣ ጌታዬ።»

«ምን ይዘህ? ባዶ እጅህን ሄደህ ምን ታደርግላቸዋለህ?»

ተካ ቆርቆሮዋን በወንጭፉ አሽከርክሮ ወረወራት። ጉሙ ውስጥ ጠፋች።  ከቆይታ በኋላ ከማዶ የበየነ ድምፅ መጣ። «ደረሰች!» በእግሩ የቆመ ሁሉ እንደ ሕፃን ጮኸ። ለአምስት ሰው አሥራ ሁለት ክኒን ማለት ምን እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ ጉሙ ሲገለጥ የቆሙት አራት ነበሩ።

በየነ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ በሁለት እጁ አፉን ከቦ ጮኸ፤ «ገዛኸኝ!» አለ። ሌላ አልጨመረም። ኋላ እንደሰማነው ዘርጋና ሰዎቹ በዚያው በማዶ ራቅ ብሎ ወዳለ ክሊኒክ በቃሬዛ ይዘውት ሲሄዱ መንገድ ላይ ሞቶባቸው ነበር። ከሳምንት በኋላ ሦስት ሆኑ። ማሞ ነው።

ከዚያ እኔም ወደቅሁ። የነሐሴን ወር የማውቀው ተቆራርጦ ነው። የድንኳኑ ሸራ እንደ ሳንባ ሲነፋና ሲከስም አያለሁ። አባቴ በአህዮቹ መሐል ቆሞ በርበሬ እያገላበጠ «ደርሷል? ደርሷል?» ይለኛል። ወንዙ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ በአልጋዬ ሥር ይፈስሳል፤ አልፈራውም። ተካ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረገ ይዘፍናል። «ተው፣ ራሴን አታሳምመኝ» እለዋለሁ። ይስቃል። መዝፈኑ እውነት እንደሆነ ኋላ ሌሎች ነግረውኛል።

አንድ ቀን ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ መቶ አለቃው ራሱ መጥቶ ቀሰቀሰኝ።

«ሽኩር፣ መነሳት ትችላለህ? አብዱ ሞቷል። ማዶ ያሉት አንተን ይፈልጋሉ።»

ሁለት ሰው ደግፎኝ ወረድኩ። ማዶ ዘርጋና የመንደሩ ሰዎች ቆመዋል። መሐላቸው በነጭ ጨርቅ የተገነዘ ነገር አለ። እነሱ ክርስቲያኖች ናቸው፤ አብዱ ሙስሊም ነው። ዘርጋ በጉራጊኛ ጮኸ። በወንዙ ጩኸት መሐል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነው የሰማሁት።

«ልጄ! ፊቱን ወዴት እናዙርለት?»

እጄን ወደ ሰሜን ዘረጋሁ። አጥባቂ ሰው አልነበርኩም፤ የመካን አቅጣጫ ግን አልሳትኩም። ዘርጋ እሱም እጁን ዘርግቶ አቅጣጫውን አረጋገጠ። ራሴን ነቀነቅሁ። እኔ በዚህ ዳር ሆኜ፣ ከኋላዬ ሦስት ሙስሊም ጓዶቼ ቆመው፣ ወንዙን አሻግረን ሰገድንበት። እነሱ በዚያ ዳር ኮፍያቸውን አውልቀው እስክንጨርስ ጠበቁን። ከዚያ ተሸክመውት ወደ ጉሙ ገቡ።

በማግስቱ የቆሙት ሁለት ነበሩ፤ በየነና ለማ። ለማ የቆመው በዱላ ነው።

አዲስ ዓመት ገባ። ዝናቡ ሳሳ፤ እኔም እግሬ ጸና። በመስከረም በሁለተኛው ሳምንት መኪኖቹ ወልቂጤ መድረሳቸውን ሰማን። ድልድያችን፣ ገመዱ፣ ሮለሩ፣ የክኒኑም ሣጥን አብሮ ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ አስፋልቱን ጨርሶ፣ ከእኛ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ጥቁር አፈሩ ውስጥ ተቀረቀረ። ሄደን አየነው። ስድስት ከባድ መኪና እስከ ሆዱ ሰምጧል። ሾፌሮቹ ጎማው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«እስከ ጥቅምት ይደርቃል» አለ አንደኛው።

መቶ አለቃ ዘውዴ ሸራውን ገለጠና ብረቱን በእጁ ነካው። አንዱን ፓነል፣ የድልድዩን የብረት ክፈፍ፣ ስድስት ሰው ያነሳዋል። ፓነሎቹ ግን ብዙ ናቸው፤ እኛ በእግሩ የሚቆም ሃያ ሰው አልነበረንም።

ያን ሰዓት ነው ሰዎቹ የመጡት።

ለበዓል አገራቸው የሚገቡ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ናቸው። ከወልቂጤ በእግራቸው ተነስተዋል። አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ አዲሱን ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው በክሩ አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ከጭቃው ውስጥ ስድስት መኪናና አንድ ዝም ያለ መኮንን ሲያዩ ቆሙ። አንድ ኮት የለበሰ ወፍራም ሰው ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ይኼ ድልድዩ ነው?» አለኝ።

«ነው።»

«የዋቤ?»

«የዋቤ።»

ሰውዬው ኮቱን አወለቀ። አጥፎ ለሚስቱ ሰጣት። «እንግዲህ እኛም ወደዚያው ነን» አለ።

ሦስት ቀን ተሸከሙት። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ሲደርስ ሻንጣውን ለሴቶቹ እየሰጠ ትከሻውን ይሰጣል። ሴቶቹም ባዶ እጃቸውን አልሄዱም፤ ቡሎኑንና ካስማውን በነጠላቸው ቋጥረው አመጡት። ማለዳ ማለዳ ጉብታዋ ላይ ቆሜ ሳይ ጉሙ ውስጥ እግር የሌለው የብረት አጥር ቀስ እያለ ወደ እኔ ይንሳፈፋል። ጠጋ ሲል ከሥሩ ሰዎቹ ይታያሉ፤ ላባቸው፣ አንገታቸው ላይ የሚወዛወዘው ጫማ። እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ በሽተኛ በቃሬዛ ሲሸከሙ እግራቸውን የሚያስተካክሉበት ዜማ ነው። ትኩሳቱ የተመለሰብኝ መስሎኝ ግንባሬን ዳሰስኩ። አልነበረም።

የክኒኑን ሣጥን መጀመሪያ አስመጣን። ወደ ማዶ መሻገር ያለበት ግን ክኒኑ ብቻ አልነበረም። ብረቱ ተገፍቶ ሲሻገር አፍንጫው፣ የፊት ጫፉ፣ አርፎ የሚንከባለልበት ሮለር ማዶ መቀመጥ አለበት፤ ሮለሩን ለማሻገር ገመድ ያስፈልጋል። ተካ ሲባጎ በድንጋይ አስሮ ሦስት ጊዜ ወነጨፈ። ሦስቱንም ጊዜ ሲባጎው ጎትቶት ወንዙ መሐል ወደቀ።

ተካ ወንጭፉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጌታዬ፣ አሁን ባዶ እጄን አይደለሁም» አለ።

መቶ አለቃው ወንዙን አየ። ከነሐሴው ጎድሏል፤ ግንድ ግን አሁንም ይዞ ይወርዳል። ከአሁን ቀደም «ሦስት ቀን ብቻ» ያለው ቃል ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«ሂድ» አለው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት። ተካ የክኒኑን ቆርቆሮ አንገቱ ላይ፣ ቀጭኑን ገመድ ወገቡ ላይ አሰረ። ገመዱን የምለቅለት እኔ ነኝ። ገባ። ውሃው ወዲያው ወሰደው። ከአንገቱ በላይ ብቻ ይታያል፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ገመዱ ከእጄ ሲሸሽ ይሰማኛል። በሕይወት መኖሩን በእጄ ብቻ ነው የማውቀው። ከታች ራቅ ብሎ፣ ማዶ ካለው የሾላ ሥር ላይ አንድ ቀጭን ሰው ሲንጠለጠል ታየኝ። የዘርጋ ሰዎች ጎትተው አወጡት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲተነፍስ ቆየ። ከዚያ እጁን አነሳና ዘፈነ። ከዚያ ርቀት ድምፁ ምንም አልነበረውም።

ያን ዕለት ለማ ክኒን ዋጠ። ለማ አልሞተም።

ሮለሩን በገመዱ አሻግረን ሁለት ቀን ብረቱን ገጣጠምን። ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መግፋት ጀመርን። ከኋላ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው አለ፤ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ኮት ያወለቀው ሰውዬ። መቶ አለቃው ዳር ላይ ቆሞ እጁን ያነሳል፤ እንገፋለን። እጁን ይጥላል፤ እናርፋለን። ብረቱ ከግንቡ አልፎ አየር ላይ ወጣ። ከሥሩ ምንም የለም። ማዶ ሮለሩ አጠገብ ተካና በየነ ከዘርጋ ሰዎች ጋር ይጠብቃሉ።

አፍንጫው ሊያርፍ ሦስት ሜትር ሲቀረው ሮለሩ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ። ከመስመር ወጣ። በዚያው ቢያርፍ ብረቱ ተጠማዞ ይወድቃል። ተካ ዲጂኖ ይዞ ከግንቡ በታች፣ ውሃው እስከሚነካው ድንጋይ ድረስ ወረደ። ሮለሩን ከሥር ደገፈው። አንድ ጊዜ ገፋው። ሁለተኛ ገፋው። ሮለሩ ወደ መስመሩ ተመለሰ።

ግንዱ ከላይ መጣ። እኔ አየሁት። ጮኽኩ። ወንዙ ከእኔ በላይ ጮኸ። ግንዱ ድንጋዩን መታ። ተካ እዚያ ነበር፤ ከዚያ አልነበረም።

ከፊት ያየን ሰዎች እጃችን ላላ። ብረቱ አየር ላይ ተወዛወዘ።

«አትቁሙ!» አለ መቶ አለቃው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ግፉ! አትቁሙ!»

ገፋን። ከኋላ ያሉት ምንም አላወቁም፤ እያዜሙ ይገፉ ነበር። እኛ እያወቅን ገፋን። ሦስት ሜትር ነው። እንደዚያ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። አፍንጫው ሮለሩ ላይ አረፈ፤ ብረቱ ጮኸና ዝም አለ። ከኋላ እልልታ ተነሳ። መቶ አለቃው ኮፍያውን ጥሎ በወንዙ ዳር ወደ ታች ሮጠ። እኔም ከኋላው ሮጥኩ። የምናየው ቀይ ውሃ ብቻ ነበር።

ሲመሽ ጉብታዋ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

«አቁሙ ብዬ ቢሆን ኖሮ?» አለኝ ሳያየኝ።

«ብረቱ ይወድቅ ነበር፣ ጌታዬ።»

«እሱንስ እናገኘው ነበር?»

«አናገኘውም ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

የጣለውን ኮፍያ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። 

በማግስቱ ወለሉን አነጠፍን። የመጀመሪያው ተሻጋሪ መቶ አለቃው ነው። መሐል ሲደርስ ከማዶ በየነ በእግሩ መጣ። ከስቶ ልብሱ ሰው የሌለበት ይመስላል። ሰላምታ ሰጠ።

«ሃምሳ አለቃ በየነና አንድ ወታደር፣ ጌታዬ» አለ። «ሦስት ጎድሎብኛል። ተካን ካልቆጠርኩ።»

መቶ አለቃው ሰላምታውን ሊመልስ እጁን አነሳ፤ እጁ መንገድ ላይ ቀረ። በየነ እንደ ልጁ አቀፈው።

ተካን ከታች ያሉ የመንደር ሰዎች አገኙት። ማዶ፣ ከገዛኸኝና ከማሞ ጎን ቀበርነው። አብዱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጓል። በመስቀል ዋዜማ አገሩ ሁሉ ድልድዩን ተሻገረ። ጫማቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሰዎች ብረቱ ላይ ሲደርሱ እየቆሙ ጫማቸውን አደረጉ። በደረቅ እግር ነው አገራቸው የገቡት። በየጀፎረው ችቦው ተደርድሯል፤ ሰንጋው ታስሯል። ማንም ግን አልጀመረም። ምን እንደሚጠብቁ ዘርጋን ጠየቅሁት።

«ዘንድሮ መጀመሪያ እናለቅሳለን» አለኝ። «ከዚያ እንበላለን።»

ልቅሶው የአምስቱም ሟቾች ነበር። ሴቶቹ የወታደሮቹን ስም አንድ በአንድ ከእኛ ጠይቀው ይዘው፣ በቋንቋቸው ሙሾ አወረዱባቸው። ዘርጋ በመጨረሻ የራሱን ልጅ ስም ጨመረ። ልጁ ከሞተ ከዓመት በኋላ ስሙን ሲጠራው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ፈቃድ ሳገኝ ቡታጅራ ቤቴ ገብቼ በማግስቱ ወደ ቆሼ ወረድኩ። የተካ እናት ደጃፏ ላይ በርበሬ ታሰጣ ነበር። ደንብ ልብሴን ስታይ ገባት። አልጮኸችም። በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ገመዱን፣ ሮለሩን፣ ግንዱን። እንደገፋንም ነገርኳት። እሱን መደበቅ አልቻልኩም።

ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ውሃው ይበርድ ነበር?»

ከደጋ የሚወርድ የመስከረም ውሃ አጥንት ይሰብራል። ገመዱን ስለቅ እጄ ደንዝዞ ነበር።

«አይበርድም ነበር፣ እናቴ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ልጇን ያሳደገችው ውሃ ዳር ነው፤ ያመነችኝ አይመስለኝም። ግን «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

የሞቱት እነዚህ ናቸው። ምክትል አሥር አለቃ ታፈሰ፣ በዚህ ዳር፣ በወባ። ወታደር ገዛኸኝ፣ ወታደር ማሞና ወታደር አብዱ፣ በማዶ፣ በወባ። ወታደር ተካ፣ በውሃ። አምስት ሰው። ሠላሳ አራት ሆነን ሄደን ሃያ ዘጠኝ ሆነን ተመለስን። በጠረፉ ውጊያ ያን ያህል ሰው አልጎደለብንም።

ማን ጥፋተኛ ነው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። መርከቡ መጥቷል፤ ባቡሩ መጥቷል፤ ሾፌሮቹም እስከቻሉት ነድተዋል። ክኒኑ ከባሕር ማዶ ተነስቶ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ የቀረው የአንድ ጠዋት የእግር መንገድ ነበር። ጓደኞቼ የሞቱት በዚያች በቀረችው መንገድ ላይ ነው።